አክሊለ ብርሃን የሌላቸው ሴቶች

በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ጻድቅና ኃጥእ በዐይናቸው ይለያሉ። ጻድቁ ሁለት ዐይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው በጎኑ ዞሮ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። ፊደል ያልቆጠረች ባልቴትም ሆነች ታሪኩን ገና ያልሰማ ሕፃን ማን ከማን ወገን እንደሆነ ለማወቅ አይቸገሩም። ከዚህ የአሣሣል ሥርዓት ጀርባ አንድ ጽኑ እምነት አለ፦ ጽድቅ ይታያል። በሰው ልብ ውስጥ ቢሰወር እንኳ ሠዓሊው አውጥቶ ፊቱ ላይ ያኖረዋል።

በዚህ ሥርዓት ያደገ ዐይን ሮም ውስጥ በባርበሪኒ ቤተ መንግሥት ከተሰቀለው የካራቫጆ «ዮዲት» ፊት ሲቆም የሚይዘው ያጣል። ሥዕሉ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1599 አካባቢ ነው፤ ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። የጦር አለቃው ሆሎፎርኒስ አልጋው ላይ ሆኖ አፉን ከፍቶ ይጮኻል፤ ደሙ ከአንገቱ ይፈነጠቃል። ፊቱ ወደ እኛ የዞረ በመሆኑ ሁለት ዐይኖቹ ይታያሉ። በጎኗ የተሣለችውና አንድ ዐይኗ ብቻ የሚታየው የተቆረጠውን ራስ ለመቀበል ጨርቅ ይዛ የምትጠብቀው አሮጊት አገልጋይ ናት። ዮዲት ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፤ ቅንድቧን ቋጥራ፣ ገላዋን ወደ ኋላ አሽሽታ፣ ክንዶቿን ብቻ ወደ ሥራው ልካለች። አክሊለ ብርሃን የላትም። መልአክ አልቆመላትም፤ ሰማይም አልተከፈተላትም። ከላይ ቀይ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ይህን ሥዕል ቢያይ በእንቅልፉ የታረደ ሰውና ሁለት ነፍሰ ገዳዮች አየሁ ብሎ ይወጣል። ተሳስቷል ለማለትም ያስቸግራል፤ ከሥዕሉ ውስጥ ይህን የሚያስተባብል አንዳች ነገር ማሳየት አንችልምና።

የጽድቅ ሥራ በሚሠራበት ቅጽበት ጽድቅነቱ ይታያል ወይ? ከ1600 አካባቢ ወዲህ ባሮክ በሚባለው ዘመን የተነሡ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ዮዲትን፣ ኢያዔልን፣ ሶስናን፣ ቤርሳቤህን ደጋግመው ሲስሉ፣ ከመካከላቸው ብርቱዎቹ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ «አይታይም» የሚል ነው። እኔም እስማማለሁ፤ እነዚህን ሥዕሎች ከውበታቸው በላይ የምወዳቸውም በዚህ መልሳቸው ነው።

መጽሐፈ ዮዲት ለእኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ አድርጋ ትቆጥረዋለች። ባሏ ምናሴ በገብስ አጨዳ ወቅት ሐሩር መትቶት ከሞተ ወዲህ ዮዲት ሦስት ዓመት ከአራት ወር በመበለትነት፣ ማቅ ለብሳ፣ እየጾመች ኖራለች። ከተማዋ ቤቱሊያ ለ34 ቀን ተከባ ውኃ አልቆባታል። ሽማግሌዎቹ አምስት ቀን እንጠብቅና እርዳታ ካልመጣ እጃችንን እንሰጣለን ብለው ምለዋል። ዮዲት ትገሥጻቸዋለች፤ ትጸልያለች፤ በጸሎቷም ውስጥ እግዚአብሔር የከንፈሯን ሽንገላ እንዲያጸናላት ትለምናለች። ከዚያ ማቁን ጥላ፣ ሽቱ ተቀብታ፣ ጌጧን አድርጋ ወደ ጠላት ሰፈር ትወርዳለች። ሰክሮ ከተኛው ከሆሎፎርኒስ አልጋ አጠገብ ቆማም ሁለት ጊዜ ትጸልያለች። ሰይፉን አንሥታ፣ ጠጉሩን ይዛ፣ በሙሉ ኃይሏ አንገቱን ሁለት ጊዜ ትመታለች። ግድያው በመጽሐፉ ከሁለት መስመር አይበልጥም። የቀረው ሁሉ፣ ሐዘኑና ጥሙ፣ ጾሙና ጸሎቱ፣ ያንን ሁለት መስመር ተሸክሞ የቆመ ነው።

ካራቫጆ የተሸካሚውን ወገን በሙሉ በጨለማ ሸፈነው። የዚህ ሠዓሊ ጨለማ ብዙ ጊዜ እንደ ስልት ብቻ ይወራል፤ ብርሃኑ ከአንድ አቅጣጫ ይመጣል፣ የቀረው ይጠቁራል፣ ተመልካች ይደነግጣል ይባላል። እኔ ከዚያ የበለጠ ሥራ የሠራ ይመስለኛል። በግድግዳችን ላይ ታሪክ በተራ ይዘረጋል፤ ዐይናችን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየሄደ መነሻውንም መድረሻውንም ያያል። ካራቫጆ ግን የፊቱን ከልክሎ፣ የኋላውንም ከልክሎ፣ አሁንን ብቻ ያበራል። ግድያን ፍትሕ የሚያሰኘው ምክንያት ደግሞ ያለው ከግድያው በፊትና በኋላ ነው። በፊት የተከበበች ከተማ፣ በኋላ የዳነ ሕዝብ አለ። በመካከሉ ያለችው ቅጽበት ምክንያቷን ይዛ አትዞርም። ያን ጊዜ ያለው ብረትና ሥጋ ነው፤ ክንድም አለ፤ ክንዱ የጻድቅም ይሁን የነፍሰ ገዳይ በአንድ ዓይነት መንገድ ይሠራል።

ይህ ድፍረት የመጣው ዮዲት እጅግ በከበረችበት ዘመን መሆኑን ማሰብ ይገባል። ሉተር መጽሐፏን ከቀኖና ውጭ ካሉት ጋር ሲመድበው፣ የሮም ቤተ ክርስቲያን በተቃራኒው አጽንታ ይዛዋለች፤ በ1563 የተፈጸመው የትሬንት ጉባኤም ሥዕሎች ምእመናንን እንዲያስተምሩ አዝዟል። ስለዚህ ዮዲት መናፍቅን የምታሸንፍ ቤተ ክርስቲያን፣ ትዕቢትን የምትቆርጥ ትሕትና ተደርጋ ትሰበክ ነበር። በፍሎረንስም ዶናቴሎ ከነሐስ የሠራት ዮዲት በ1495 ሜዲቺዎች ከተባረሩ በኋላ በከተማው መስተዳድር ሕንፃ ደጅ የነፃነት ምልክት ሆና ቆማለች። በ1504 ለሚካኤል አንጄሎ «ዳዊት» ቦታ ሲፈለግ ከከተማው ሹማምንት አንዱ ሴት ወንድን ስትገድል ማሳየት አይገባም ብሎ ተከራከረ፤ እሷም ተነሣች። ምልክት ሆና ሳለች ሁሉ የተቀበላት ያች ሴት ገዳይነቷ ትዝ ያላቸው ቦታዋ በተፈለገ ጊዜ ነው።

ካራቫጆ ይህን ሥዕል በሠራበት ዘመን ሮም ስለ ሴትና ስለ ግድያ ሌላ ትዕይንት አይታለች። መስከረም 11 ቀን 1599 ቤአትሪቼ ቼንቺ የተባለች የ22 ዓመት ወጣት በቅዱስ መልአክ ድልድይ አጠገብ በአደባባይ አንገቷ ተቀላ። ወንጀሏ ከእንጀራ እናቷና ከወንድሞቿ ጋር ሆና አባቷን ማስገደሏ ነው። አባቷ ፍራንቼስኮ በጭካኔው የታወቀ፣ ቤተሰቡን በግዞት አስቀምጦ የሚያሠቃይ ሰው ነበር። ከተማው አዘነላት፤ ምሕረት ተለመነላት፤ ጳጳሱ ክሌመንት ስምንተኛ አልሰሙም። ካራቫጆ ከሕዝቡ መሐል ቆሞ ሳያይ አልቀረም የሚሉ ብዙ ጸሐፊዎች አሉ። ግምት ነው፤ እኔ በግምቱ ላይ ምንም አልገነባም። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ማስቀመጡ ግን በቂ ነው። በአንድ ከተማና በአንድ ዘመን አንዲት ሴት አምባገነንን ስለ ገደለች በባለጠጎች አዳራሽ ትሰቀላለች፤ ሌላዋ ሴት የቤቷን አምባገነን ስለ አስገደለች በአደባባይ ትቀላለች። የዮዲትን ሥዕል የያዘው የባንክ ሰው ኦታቪዮ ኮስታም እንደ ማንኛውም የሮም ነዋሪ የቤአትሪቼን ሞት ሳይሰማ አልቀረም። ሁለቱን ሴቶች የሚለያቸው ምንድን ነው? መጽሐፍ ለአንዷ መሰከረላት፤ ለሌላዋ የመሰከረላት የለም። ክንዳቸውን ብቻ ብናይ ልዩነቱን አናገኘውም።

የእኛም ትውፊት በዚህ ስም ሁለት ሴቶችን ያውቃል። አንዷ ቤቱሊያን ያዳነችው ናት፤ ሌላዋ አክሱምን አፈረሰች፣ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለች የምትባለው ንግሥት ዮዲት ናት፤ ጉዲት እያልን የምንጠራት። የሁለቱንም ታሪክ የነገሩን ከከተማው ወገን የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ በአንዱ ሴቲቱ ከከተማው ወጣች፣ በሌላው ወደ ከተማው መጣች። የንግሥቲቱ ወገኖች ታሪክ ጽፈው ቢተዉልን ኖሮ ምን እናነብ ነበር ብሎ መጠየቅ ክህደት አይመስለኝም።

አሁን ስለ አርቴሚዚያ ጄንቲሌስኪ ልናገር። በ1593 ሮም ውስጥ ተወለደች፤ የካራቫጆ ወዳጅ ከነበረው ከአባቷ ከኦራዚዮ ሙያውን ተማረች። «ዮዲት ሆሎፎርኒስን ስትገድል» የሚለውን ሥዕል ሁለት ጊዜ ሠርታዋለች፦ የመጀመሪያው ከ1612 በኋላ የተሠራውና ዛሬ ኔፕልስ በካፖዲሞንቴ ሙዚየም ያለው ነው፤ ሁለተኛው በ1620 አካባቢ የተሠራውና ፍሎረንስ በኡፊዚ ያለው ነው። ካራቫጆን ጠንቅቃ እንደምታውቅ ያስታውቃል። ነገር ግን አንድ ነገር ለወጠች፤ ያ ለውጥ ከምንም በላይ ያስደንቀኛል። ካራቫጆ ዘንድ አገልጋይቱ አሮጊት ናት፤ ጨርቅ ይዛ ትጠብቃለች። አርቴሚዚያ ዘንድ አገልጋይቱ ወጣት ናት፤ ትሠራለች። በሆሎፎርኒስ ላይ ተደግፋ፣ በሙሉ ክብደቷ ወደ ታች ትጫነዋለች፤ እሱም በጡጫው አገጯን ወደ ላይ ይገፋታል። ዮዲት እጅጌዋን ሰብስባ፣ በግራ እጇ ጠጉሩን ጨምድዳ ራሱን አልጋው ላይ አጣብቃ ይዛ፣ በቀኟ ሰይፉን ትስባለች። የካራቫጆ ዮዲት ከሥራዋ ስትሸሽ የአርቴሚዚያዋ ወደ ሥራዋ ትገባለች። በኡፊዚው ሥዕል ደሙ በቀጭን መስመር እየተፈናጠቀ ደረቷና ወርቅማ ቀሚሷ ላይ ደርሷል።

በመጽሐፉ ግን አገልጋይቱ ከድንኳኑ ውስጥ የለችም። ዮዲት ከመኝታ ክፍሉ ውጭ እንድትቆም አዝዛታለች፤ ራሱን በስንቅ ከረጢቷ የተቀበለችውም ዮዲት ወደ ውጭ ከወጣች በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ሠዓሊዎች ከመጽሐፉ ወጥተዋል፤ አርቴሚዚያ ደግሞ እጅግ ርቃ ሄዳለች። ይህን ለማድረግ ምን አስገደዳት? ተራ የሚመስል መልስ አለ፦ አንድን የጦር አለቃ፣ ሰክሮ ቢሆን እንኳ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ልትይዘው አትችልም። መጽሐፉ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው፤ እግዚአብሔር አበረታት ይላል። አርቴሚዚያ ያን መለኮታዊ ብርታት በቀለም ልታሳይ አልሞከረችም። በእሱ ፈንታ ሌላ ሴት አስገባች። ጸሎቱ ይዞት የነበረውን ቦታ የሁለተኛዋ ሴት ክንድ ያዘው። ይህ እምነትን መካድ ነው የሚል ካለ እኔ አልስማማም፤ ጸሎት የተሰማለት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሌላ ሰው ነውና። ነገር ግን ትኩረቱ መቀየሩን አልክድም። ጽድቅ ድካም ሆነ። ክብደት አለው፤ ያላበው ይመስላል፤ ረዳትም ይፈልጋል።

ስለዚህ ሥዕል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በአንድ መንገድ ይሄዳል፤ ያንን መንገድ መዝለል አይቻልም። በ1611 አርቴሚዚያ ገና 17 ዓመቷ ሳለ የአባቷ የሥራ ባልደረባ የነበረው ሠዓሊ አጎስቲኖ ታሲ በቤቷ ደፈራት። በ1612 በአባቷ ክስ ለወራት የዘለቀ ችሎት ተካሄደ፤ መዝገቡ ዛሬም አለ። ቃሏ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ጣቶቿ በቀጭን ገመድ ታስረው እንዲጠብቁ ተደረገ፤ የሠዓሊት ጣቶች ናቸው። ቃሏን አልለወጠችም። ታሲ ከሮም እንዲወጣ ተፈረደበት፤ ፍርዱ ግን በተግባር አልጸናም። ከዚያ ተነሥተው ብዙዎች ሥዕሉን የበቀል ሥዕል ይሉታል፦ ዮዲት አርቴሚዚያ ናት፤ ሆሎፎርኒስ ታሲ ነው።

ይህን ንባብ ሙሉ በሙሉ መጣል አልችልም። በችሎቱ ቃሏ ውስጥ እንዲያውም ሥዕሉን ለማንበብ የሚያጓጓ ነገር አለ፤ በቤታቸው ትኖር የነበረችውን ቱትሲያ የተባለች ሴት ድረሽልኝ ብላ ብትጮህ እንዳልደረሰችላት ተናግራለች። ከዚያ በኋላ በሣለችው ሥዕል ረዳት ሴት አለች፤ ደርሳለችም። ሰው ሆኖ ይህን ማገናኘት የማይፈልግ ማን ነው? ነገር ግን ሥዕሉን የአንዲት ሴት የቁስል ደብዳቤ ብቻ ካደረግነው ሁለተኛ ጊዜ እንበድላታለን። ለወንዱ ሠዓሊ ሐሳብ እንሰጠዋለን፤ ለእሷ ሕመም ብቻ እንተውላታለን። ካራቫጆ በ1606 በእጁ ሰው ገድሎ ከሮም የሸሸ ሰው ነው፤ እንደዚያም ሆኖ የእሱ «ዮዲት» ስለ ብርሃንና ስለ ጊዜ ሲተነተን ይውላል። አርቴሚዚያ በ1616 በፍሎረንስ የሥዕል አካዳሚ አባል የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ1635 ለጋሊሌዎ በጻፈችው ደብዳቤ ለታላቁ መስፍን ኮዚሞ ስለሠራችው ዮዲት ያነሣችው ነገር ክፍያውን ነው፤ ጋሊሌዎ ባይረዳት ኖሮ ዋጋው ቀርቶባት እንደነበር ታስታውሰዋለች። ሥዕሉ ሥራዋ ነው፤ አስባበት የሠራችው፣ ዋጋውን የጠየቀችበት።

የበቀሉን ንባብ የሚያናጋ ከዚህም የበረታ ማስረጃ አለ፤ እሱም «ሶስና» ነው። ዛሬ በጀርመን ፖመርስፌልደን የሚገኘው ይህ ሥዕል በ1610 የተፈረመ ነው፤ ታሲ ከደፈራት አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። የሶስናን ታሪክ እናውቃለን፦ በአትክልቷ ስትታጠብ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ፈራጆችም ናቸው፣ ተደብቀው ያዩዋታል፤ ከእኛ ጋር ተኚ፣ እምቢ ካልሽ ከወጣት ጋር አገኘናት ብለን እናስገድልሻለን ይሏታል። ከአርቴሚዚያ በፊት ሠዓሊዎች ይህን ታሪክ የሚወዱት ስለ ሌላ ምክንያት ነበር። ቲንቶሬቶ በ1550ዎቹ የሣላት ሶስና በለመለመ አትክልት መካከል መስተዋት ፊት ተቀምጣ ገላዋን ታደንቃለች፤ ሽማግሌዎቹ ከዐጥር ጥግ ያጮልቃሉ፤ እኛ ግን ከእነሱ በተሻለ ቦታ ቆመን ያለ መሸሸግ እናያታለን። የሥዕሉ ተመልካች ሦስተኛው ሽማግሌ ነው። ንጽሕናን ለማስተማር ተሣለ የሚባለው ሥዕል ተመልካቹን የወንጀሉ ተካፋይ ያደርገዋል።

ወጣቷ አርቴሚዚያ አትክልቱን አወጣችው። ዛፍ የለም፤ ቀዝቃዛ የድንጋይ መቀመጫ ነው ያለው፤ ከበስተጀርባው ግንብ። ሽማግሌዎቹ ከግንቡ በላይ ተደርበው እንደ ደመና ይጫኗታል፤ አንዱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም በይ ይላታል። እሷ ገላዋን ጠምዝዛ፣ ፊቷን መልሳ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ትከላከላለች። ገላዋ ራቁቱን ነው፤ ከቲንቶሬቶው የበለጠ የተሸፈነ አይደለም። ልዩነቱ ሌላ ነው፦ ይህን ገላ ስናይ አለመፈለጉን አብረን እናያለን። ማየታችንን ለመቀጠል ያንን እምቢታ አልፈን መሄድ አለብን፤ ማለፋችንም ይታወቀናል። በዮዲት ሥዕሎች ጽድቅ በገዳይዋ ክንድ ላይ አይታይም ብያለሁ። በሶስና ላይ ደግሞ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል፤ ማየት ራሱ መልካም ወይም ክፉ ሊሆን የሚችል ሥራ ይሆናል።

ሶስናን ከሞት ያዳናት ዳንኤል ነው፤ ሁለቱን ምስክሮች ለያይቶ ጠየቃቸው፤ ከየትኛው ዛፍ ሥር አየኋት ብላችሁ ነው አላቸው፤ ቃላቸው ተለያየ፤ ውሸታቸው ተገለጠ። የምርመራ ጥበብ ነው፤ አሁንም ያስደስታል። ሳስበው ግን የሚከነክነኝ የሶስና ቃል በቂ ሆኖ አለመገኘቱ ነው። ጮኻለች፤ ወደ ሰማይ አልቅሳለች፤ ጉባኤው የፈረደባት ያንን ሰምቶ ነው። አርቴሚዚያ «ሶስና»ን ከሣለች ከሁለት ዓመት በኋላ በሮም ችሎት ዳንኤል አልነበረም። ውሸቱን ሊያወጣ የተፈለገው ምስክሮችን በመለያየት ብቻ አልነበረም፤ በተበዳይዋ ጣት ላይ ገመድ በማጥበቅም ነበር።

ከሁሉም የምታስቸግረኝ ኢያዔል ናት። አርቴሚዚያ በ1620 ሥላታለች፤ ሥዕሉ ቡዳፔስት ነው፤ ስሟንና ዓመቱን ከኋላ ባለው ምሰሶ ላይ የተቀረጸ አስመስላ ጽፋበታለች። ሲሣራ 900 የብረት ሠረገላ የነበረው የጦር አለቃ ነው፤ ተሸንፎ በእግሩ ሲሸሽ ወደ ኢያዔል ድንኳን ደረሰ። በቤቷና በሲሣራ ንጉሥ መካከል ሰላም ነበር። ግባ ጌታዬ አትፍራ ብላ ተቀበለችው፤ ውኃ ሲለምናት ወተት ሰጠችው፤ ሸፈነችው። ከዚያ ካስማና መዶሻ አንሥታ ጆሮ ግንዱን ከምድር ጋር ቸነከረችው። መጽሐፈ መሳፍንት ከሴቶች ሁሉ የተባረከች ይላታል። እንግዳ ክቡር ነው ተብሎ ባደገ ሰው ጆሮ ይህ ታሪክ ከባድ ነው። ቤት የገባ ሰው፣ ጠላትም ቢሆን፣ እህል ውኃ ከቀመሰ በኋላ አይነካም። ዮዲት ቢያንስ ወደ ጠላት ሰፈር ሄዳለች፤ ኢያዔል ግን የገደለችው የራሷን ጣሪያ ተማምኖ የተኛ ሰው ነው።

የአርቴሚዚያ ሥዕል ግን ደም የለበትም፤ ጩኸትም የለም። ሲሣራ ክንዱን ተንተርሶ እንደ ደከመ መንገደኛ ተኝቷል። ኢያዔል ወርቅማ ልብስ ለብሳ፣ ተንበርክካ፣ በግራ እጇ ካስማውን ይዛ መዶሻውን አንሥታለች። ፊቷ እርጋታ አለው፤ የድንኳን ካስማ እንደምትተክል ሴት። በዮዲት ሥዕሎች ውስጥ ቢያንስ ትግል አለ፤ ትግል ደግሞ ለተመልካች ማጽናኛ ይሆነዋል፤ ሁለት ኃይሎች ተጋጠሙ፣ አንዱ አሸነፈ ይላል። እዚህ ግን መዶሻው ከመውረዱ በፊት ያለ ጸጥታ ብቻ ነው፤ ሴቲቱም አልተናደደችም። አንዳንዶች ሥዕሉን ቀዝቃዛ ነው ብለው ከ«ዮዲት» በታች ያደርጉታል። እኔ ቅዝቃዜውን እፈራዋለሁ እንጂ አልንቀውም። ቁጣ ባለበት ሥራውን የሠራው ቁጣው ነው ማለት እንችላለን፤ ኢያዔል ግን ሥራውን ከእሷ ሌላ የምናሸክመው አላስተረፈችልንም። መጽሐፉ ይባርካታል፤ ሠዓሊቷ ደግሞ ያ በረከት ምን እንደተሸከመ ታሳየናለች። ሁለቱን አስማምቶ የሚይዝ ሐሳብ አላገኘሁም፤ ለማስማማትም አልቸኩልም።

እስከ አሁን ያነሣኋቸው ሴቶች ይገድላሉ ወይም ይከላከላሉ። የሬምብራንት «ቤርሳቤህ» ምንም አታደርግም። በ1654 አምስተርዳም ውስጥ የተሣለው ይህ ሥዕል በፓሪስ ሉቭር ነው፤ አራት ማዕዘን፣ ከፍታውም ወርዱም ወደ 142 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከታጠበች በኋላ ራቁቷን ተቀምጣለች፤ አሮጊት አገልጋይ ጎንበስ ብላ እግሯን ታሰናዳለች። በቀኝ እጇ የንጉሥ ዳዊት ደብዳቤ አለ። ፊቷን ዝቅ አድርጋ ትመለከታለች፤ ዐይኗ ደብዳቤው ላይ አይደለም፤ አንብባ ጨርሳለች። ዳዊት በሥዕሉ የለም። ሌሎች ሠዓሊዎች ሰገነቱ ላይ አቁመው ያሳዩታል፤ ሬምብራንት ቦታውን ለእኛ ለቀቀው።

ጀግና ትባላለች ወይ? ብዙዎች ከጀግኖች ተራ አያስገቧትም፤ ከአሳሳቾች ወገን የሚጥሏትም አሉ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሰሎሞን እናት ናት፤ በክብረ ነገሥት ትውፊት የቀዳማዊ ምኒልክ አያት። ማቴዎስ ግን በክርስቶስ የዘር ሐረግ ውስጥ ስሟን አልጻፈም፤ የኦርዮ ሚስት ብሎ አለፈ። ለሥዕሉ ተቀምጣለች ተብላ የምትታሰበው ሄንድሪክዬ ስቶፌልስም በዚያው በ1654 ከሬምብራንት ጋር ሳትጋባ በመኖሯ በአምስተርዳም የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ተጠርታ በዝሙት ተወቀሰች፤ ከቁርባንም ታገደች። ነፍሰ ጡር ነበረች። ቅጣቱ የወረደው በእሷ ላይ ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ደብዳቤ የለም። ደብዳቤ የሚጻፈው ኋላ ነው፤ ዳዊት ባሏን ኦርዮን ለማስገደል ለጦር አለቃው ለኢዮአብ ሲልክ። ወደ ቤርሳቤህ የተላኩት መልእክተኞች ናቸው፤ ንጉሡ ላከ፣ አስመጣት፣ እሷም ገባች ይላል፤ በግሦቹ መካከል መተንፈሻ እንኳ የለም። ለቤርሳቤህ ደብዳቤ ያስያዙት በዚያ ዘመን የነበሩ ሠዓሊዎች ናቸው፤ ሬምብራንትም ብቻውን አይደለም። ከእነርሱ መካከል ግን ደብዳቤውን ወደ ሐሳብ የለወጠው እሱ ይመስለኛል። መልእክተኛ ይዞ ይሄዳል፤ ደብዳቤ ግን ይነበባል፤ ከማንበብና ከመነሣት መካከልም ሰው የሚያስብበት ጊዜ አለ። ንጉሥን እምቢ ማለት ይቻላል? ባል በጦር ሜዳ ነው። መሄድስ ምን ማለት ነው? ካራቫጆ ለዮዲት ከቅጽበቷ በፊትና በኋላ ያለውን ጊዜ ሁሉ ወሰደባት፤ ሬምብራንት በተቃራኒው ታሪኩ ያልሰጣትን ጊዜ ለቤርሳቤህ ሰጣት። እኔ ከጀግኖቹ ተራ የማስገባት በዚህ ነው። የመምረጥ ነፃነት ነበራት ብዬ አልከራከርም፤ ንጉሥ ባለበት አገር ይህን ማን ደፍሮ ይናገራል። የሆነባትን ግን አውቃ ነው የገባችበት፤ መጽሐፉ እንዳለፋት እንደ ዕቃ ተወስዳ አይደለም። ዳዊት ለነቢዩ ናታን ምሳሌ ምን እንደመለሰ፣ እንዴት እንዳዘነ፣ ስንት ቀን እንደጾመ በዝርዝር ተጽፏል። ቤርሳቤህ ምን እንዳሰበች አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም፤ ለዚያ ያለን ይህ ሸራ ነው።